በበረዶ ቤቱ የተሰቀለው ገመድ

ዳልጂንፖ ወደብ፣ 3ኛው ወር፣ 12 ቀን

ኦሳካ ለምትኖሪው ለተከበርሽው እትዬ ኦክቡን፤

ጤናሽ እንደ መልሕቅ የጸና ይሁን፤ ጉልበትሽ ደረጃ አይፍራ፤ የምግብ ቤትሽም ፍም አይጥፋ። እኔ የአያትሽ ወንድም የልጅ ልጅ፣ ፒዮ ዶልሰ፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ተቀመጥሽ? ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዴ የመርከብ ቢሮው ጸሐፊ፣ አንዴ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ፣ አንዴ የጎረቤት ምራት ሲጽፉልኝ ኖሬ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁና ባሕር እንደዋኘሁ ፊደሉን ዋኘሁት። ከአሥራ አራት ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ጎመን ነጋዴዋ ናት፤ እሷም ከእኔ ቀድታ ነው። ከክፍሉ ወንድ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከወንዶች አንደኛ ነኝ ማለት ነው፤ ይህን ለልጆችሽ ንገሪልኝ። ጆሮሽ ስልክ አልሰማ ካለሽ ወዲህ ደብዳቤ ብቻ ቀርቶናል፤ አሁን ደግሞ በእኔና በአንቺ መካከል ሦስተኛ ሰው የለም።

በአዲስ ዓመት ስለ ወንድምሽ ስለ ጊቾል የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ። ራሴ። ባሕር ውስጥ የቀረበትን ቦታ ነው የምትፈልጊው። እሱን ረጋ ብለን እንነጋገራለን።

አሁን ወሬ ልንገርሽ። ዓሣ ጫኝ ሁሉ ይሰለፍበት የነበረው አሮጌው በረዶ ቤት የዘመኑ ጥበብ ማሳያ ሆኗል። ከዋና ከተማ የመጣ ሠዓሊ (ሠዓሊ ይሉታል እንጂ ብሩሽ አልያዘም) ከየወደቡ አሮጌ ገመድ ለቅሞ፣ ቀጣጥሎና ቋጥሮ ከጣራው ላይ ሰቀለው። ስሙ «እስትንፋስ» ነው ይላል ጽሑፉ፤ ራሴ አነበብኩት። እኔ እስከማውቀው ገመድ የሰው እስትንፋስ ሲቀማ እንጂ ሲተነፍስ አላየሁም።

እና መሃል ላይ አንድ ቋጠሮ አየሁ። የላላ። ሕፃን የጫማውን ክር እንኳ እንዲህ አያስርም። አልቻልኩም እትዬ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ፈታሁትና እንደ ወጉ አሰርኩት። ዘበኛው ጎ፣ የድሮው ፖሊስ፣ ከኋላ አንገቴን አነቀኝ። እኔ ደግሞ ከኋላ የያዘኝን ሰው ማንነቱን ሳልጠይቅ ነው የምመታው። በአናቴ አፍንጫውን አገኘሁት፤ እንደ ሸርጣን ቅርፊት ቀጭ አለ። ደሙ ነጩ ግድግዳ ላይ ተረጨ። ሁለት ጎብኚዎች የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ፖሊስ ሲመጣ አንዲት ሴት መሃል ገባች። ባን ሶሪም ትባላለች፤ ቁመቷ እስከ ብብቴ ነው። ሥራዋ ሥዕል መሣል አይደለም፤ እንደ እኔና እንደ አንቺ ያለውን ሰው ከዘመኑ ጥበብ ጋር ማስተዋወቅ ነው። «ገና እያነጋገርኩት ነው» አለቻቸው። ግንባሬ ላይ የጎ ደም እንዳለ፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?» አለችኝ።

«ይህን ያሰረው ሰው ፈርቶ ነበር» አልኳት።

«ምን አይተው ነው እንዲህ ያሉት?»

«ገመዱን ሁለቴ ጀምሮ ትቶታል። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ሌላስ ምን ይታይዎታል?»

እሱን አልመለስኩላትም፤ አንገቴን አሞኝ ነበር። ለጉልበቴ የምትልኪልኝ የሕመም ልጥፍ አልቋል፤ ለአንገትም የሚሆን ጨምሪበት።

ከወንዶች አንደኛ የወጣው ወንድምሽ፣ ዶልሰ

ኦሳካ፣ 3ኛው ወር፣ 27 ቀን

ለወንድሜ ለዶልሰ፤

ሰማይ ይጠብቅህ፤ ይልቁንም ከራስህ ይጠብቅህ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ጽሑፍህ ዶሮ የሮጠችበት አመድ ይመስላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አለቀስኩ አልልህም፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

በዚህ ዕድሜ የሰው አፍንጫ መስበር አያኮራም። እኔ ባለፈው ወር አንድ ሰካራም የአስተናጋጄን ክንድ ሲጠመዝዝ የፍም መቆንጠጫውን ጉንጩ ላይ አሳርፌለታለሁ፤ ግን አልኮራሁም። ወይም ትንሽ ብቻ።

አሁን ስማኝ። በዘጠነኛው ወር እመጣለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መንገድ የለሽም ብሎኛል፤ ስለዚህ የመጨረሻዬ ነው። የነፍስ ማውጣቱን ሥርዓት የምትመራ ሴት አግኝቻለሁ። ሩዝ የሞላ የናስ ሳህን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በገመድ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የሰመጠው ሰው ነፍስ እሱን ይዞ ይወጣል። ቦታው ከተሳሳተ ግን የሌላ ሰው ነፍስ ይወጣና የእኔ ወንድም እዚያው ይቀራል ትላለች። ጊቾል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ከዚያ መርከብ ሰዎች በሕይወት የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ያኔ የላክልኝ ደብዳቤ «ማዕበል ወሰደው» ይላል፤ የት እንደሆነ አይልም።

የት ነው?

ልጥፉን ልኬያለሁ። ስለ ልጅቷም ጻፍልኝ፤ ሰው ደም በደም ሆኖ ሳለ ጥያቄ የምትጠይቅ ሴት ደስ ትለኛለች።

እህትህ፣ ኦክቡን

ዳልጂንፖ፣ 4ኛው ወር፣ 22 ቀን

ለእትዬ ኦክቡን፤

ፀደይ በሰላም ይግባልሽ፤ ያ ሰካራም ጉንጩ ይዳንለት፤ የአንቺ ክንድ ግን አይዛል። ልጥፉ ደርሷል። አንዱን ለጎ ሰጠሁት፤ አሁን ወዳጄ ነው። አፍንጫው ወደ ግራ ስለዞረ በግራ በኩል የሚገባ ሌባ አያመልጠውም።

ስለ ልጅቷ ጠይቀሻል፤ እኔን የመሰለ ነጋሪ አታገኚም፤ ረዳቷ ነኝና። ለሰው የምናገረው «የጥበብ አማካሪ» እያልኩ ነው። ሶሪም በየሮብ አዳራሹን ለዓሣ አጥማጆች ትከፍታለች። በመጀመሪያው ሮብ አራት ሰው መጣ። ሦስቱ ለማሞቂያው፣ አራተኛው እኔ። እስከ ክረምት ሰው ካልመጣ ከተማው አዳራሹን ይዘጋባታል። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀምጦ ያለቅሳል። እሷ የገመዱን ፎቶ በአልጋ አንሶላ ላይ አሳትማ፣ የጧቱ ጨረታ እንዳለቀ ዓሣ ተራ ድረስ መጥታ በበረዶ መኪናው ጎን ላይ ሰቀለችው። ከዚያ የዓሣ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ሠዓሊው ምን ማለቱ እንደሆነ አትናገርም። ትጠይቃለች ብቻ።

«ምን ይታያችኋል?»

«የአማቴ አንጀት» አለች ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ አራጇ፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ።

«ምን አይተሽ ነው?»

«መጨረሻ የለውም። ደግሞ የትም ብትነኪው ቋጠሮ ነው።»

ዓሣ ተራው በሳቅ ፈረሰ። ሶሪምም ሳቀች። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ግን «ሌላስ?» አለች። ኢል አራጇ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። «ባሌ የወጣበት ጀልባ ሲመለስ ገመዱ ብቻ ነበር ጎኑ ላይ የሚጎተተው» አለች። እኔ ያቺን ሴት ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ፤ ስለ ባሏ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ልጅቷ የምትጠብቀው ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ ሥራዋ ገብቶኛል።

በሁለተኛው ሮብ ሃያ ስምንት ሰው መጣ። አንድ መርከበኛ ሌላውን «ቦታዬ ነው» ብሎ በጥፊ እስኪመታው ድረስ ሣጥን ጠፋ። ሁለቱንም ጆሯቸውን ይዤ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ባሕር ሰፊ ነው፤ አርባ ሰባት ዓመትም አጭር አይደለም። እያሰብኩበት ነው።

ዶልሰ፣ የጥበብ አማካሪ

ኦሳካ፣ 5ኛው ወር፣ 3 ቀን

ለዶልሰ፤

እንደምን ሰነበትክ። አራት ገጽ ጻፍክልኝ። ስለ ወንድሜ ሁለት መስመር።

የኢል አራጇን ባል አዘንኩለት። የእኔ ወንድም የት ነው?

ኦክቡን

ዳልጂንፖ፣ 6ኛው ወር፣ 19 ቀን

ለእትዬ ኦክቡን፤

ዝናቡ ጉልበትሽን አይንካብሽ። ስለ ዘገየሁ አትቆጪኝ፤ ሁለት ጎድኔ ተሰብሮ መጎንበስ አልቻልኩም ነበር። ለጎድን ልጥፍ አያስፈልግም አሉኝ፤ ስለዚህ አትላኪ።

እኔና ጊቾል የሠራንበትን መርከብ አለቃ ታስታውሻለሽ፤ ካፒቴን ኖ። እሱ ሞቷል። ልጁ ታናሹ ኖ ዛሬ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ የአባቱ ፎቶ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ በወርቅ ክፈፍ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር መጨረሻ ሮብ፣ ሦስት ሰዎቹን አስከትሎ አዳራሹ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ዊ ነበር፤ በሌላ መርከብ የሠራ ሽማግሌ፤ ቃል ከአፉ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚወጣው።

ሶሪም ጥያቄዋን ጠየቀች። ዊ ተነሥቶ፣ ከገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ቡጢ የሚያህል ቋጠሮ በጣቱ አሳየ። «ይሄ መምህሩ ነው» አለ።

«መምህሩ ማለት?»

«በየመርከቡ አንድ ነበር። በጨው ውሃ ይነከራል። ያጠፋ መርከበኛ ምሰሶውን አቅፎ ይማራል።» ሸሚዙን አወለቀና ጀርባውን አዞረ። ጀርባው የታረሰ መሬት ነበር እትዬ። እስከዚያ ቀን ስለ እሱ አጉረምርሞ እንኳ አያውቅም።

«በአባቴ መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አለ ታናሹ ኖ። «ነበር የሚል ካለ፣ በዚህ የሞተ የአንድ ሰው ስም ይጥራ።»

«ዶልሰ» አለ ዊ፣ «አንተ በእሱ መርከብ ነበርክ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም፣ «መምህሩማ ብዙ አስተምሮኛል፤ ለዚህ ነው ፊደል እስከ ሰባ ዓመቴ የቆየብኝ» አልኩ። ተሳቀ። ታናሹ ኖም ሳቀ። ሶሪም ብቻ አልሳቀችም። «ሌላስ፣ አባባ?» አለችኝ።

ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ተነሣሁ።

በሩ ጋ ሳልደርስ ዊ የኖ ጫማ ላይ ተፋ። ከሰዎቹ አንዱ የዓሣ መንጠቆውን ሲያወናጭፍ የዊን ጆሮ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ተመለስኩ። አግዳሚ ወንበር አንስቼ ባለ መንጠቆውን ትከሻው ላይ መታሁት፤ አጥንቱ ሲለቅ በእጄ ተሰማኝ። ሁለቱ ወለል ላይ ጥለው ረገጡኝ። ጎ በጠማማ አፍንጫው እያቃሰተ ገባበት፤ አንዱን ጥርስ አስተፋው። ታናሹ ኖ ወንበር ላይ ወጥቶ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው። ያ ሁሉ ገመድ ወረደ፤ ከሥር ሶሪም ነበረች። ከሥሩ ስትወጣ አንድ ቦት ጫማ ክንዷን ረገጠው። የደረቀ ፖላክ ዓሣ በበትር ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ።

ታናሹ ኖ ሁለት ቀን ታስሮ ወጣ። ሶሪም ክንዷ በጄሶ ነው። ሠዓሊው ከዋና ከተማ ደውሎ ሲጮህባት ሰማሁ፤ «ገመዱን ከወደቀበት እንዳታስነሣው። ሰው ማየት የጀመረው ገና አሁን ነው» አለችው። በቀጣዩ ሮብ ሁለት መቶ ሰው መጣ። የወደቀውን ገመድ ከበው ቆሙ። እሷም ያንኑ ጠየቀች።

እኔ በር ላይ ነበርኩ። አልገባሁም።

ዶልሰ

ኦሳካ፣ 6ኛው ወር፣ 30 ቀን

ለዶልሰ፤

ጎድንህ ይጠገንልህ። የልጅቷም ክንድ ቀጥ ብሎ ይግጠምላት፤ ለአጥንት የሚሆን መረቅ የሚፈላበትን አጥንት አድርቄ በፖስታ ልኬላታለሁ፤ ለአንተ አይደለም።

የእሷን ጥያቄ እኔም ተማርኩት። ምግብ ቤቱን ዘግቼ፣ ያኔ የላክልኝን ደብዳቤና ከእሱ ጋር የመጣውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ።

ምን ይታየኛል? የሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ያንተ አይደለም፤ የካፒቴን ኖ ቢሮ ጸሐፊ ነው። ከሥሩ የአውራ ጣትህ አሻራ አለ። ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ የመጀመሪያው ተንቀጥቅጦ ተበላሽቷል። በመጀመሪያው ደብዳቤህ ስለ ገመዱ ያልከውን ይመስላል።

ሌላስ? ከኦሳካ የላክሁለት የዝናብ ልብስ። ቢጫው። ከዕቃው ጋር መልሳችሁ ላካችሁልኝ። አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል፤ ጨው የለበትም። አርባ ሰባት ዓመት ሳጥን ውስጥ ሳቆየው አላየሁትም። ማዕበል የዝናብ ልብስ አውልቆ፣ አጣጥፎ ትቶ ሰው አይወስድም።

አሁን ጸሐፊ የለህም። ራሴ እጽፋለሁ ብለህ ጎርረሃል። ጻፍ።

ኦክቡን

ዳልጂንፖ፣ 8ኛው ወር፣ 11 ቀን

ለእትዬ ኦክቡን፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሌላ ምርቃት ጀምሬ አጠፋሁት።

ማዕበል አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ባሕሩ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ ረግቷል። ቦታው ከጎሙ ደሴት በስተ ምዕራብ ነው። ለመርከብ የሚያበራው የመብራት ቤቱ ጫፍ ከኮረብታው ላይ ካለችው ብቸኛ ጥድ ጋር አንድ መስመር ሲገጥም፣ እዚያ ነው። አልረሳሁትም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

የመረቡን ጫፍ ያሰረው ጊቾል ነበር። ቋጠሮው ላላና መረቡ ከነዓሣው ሄደ። ካፒቴን ኖ መምህሩን አወረደው። ጊቾል የዝናብ ልብሱን አወለቀና አጣጠፈው። «እህቴ የላከችው ነው፣ እንዳይቀደድ» አለ። ከዚያ ምሰሶውን አቀፈ። ካፒቴኑ መታው። ሲለቁት ወደቀ፤ ከአፉ ደም መጣ፤ አልተነሣም። ወደ ባሕር ጣልነው።

ይኸው ነው። ታናሹ ኖ የአንድ ሰው ስም ይጠራ ብሎ ነበር። ያ ስም የጊቾል ነው።

ዶልሰ

ኦሳካ፣ 8ኛው ወር፣ 20 ቀን

ሌላስ?

ኦክቡን

ዳልጂንፖ፣ 9ኛው ወር፣ 2 ቀን

እትዬ ኦክቡን፤

አንድ ቃል ጽፈሽልኝ አሥር ቀን አነበብኩት።

ቅጣቱ ሃያ ነበር፤ ካፒቴኑ ስድስት መታውና ክንዱን አመመው። ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ። «ዘመድህ ነው፤ ቋጠሮ ያስተማርከውም አንተ ነህ። ጨርስለት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ጧት፣ እየተጣደፍኩ፣ እየቀለድኩበት። አንዴ አሳይቼው «ገባህ?» ስለው «ገባኝ» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው እንጂ አልገባውም ነበር፤ አውቄያለሁ። ትቼው ሄድኩ።

አሥራ አራት መታሁት። ቆጥሬያለሁ፤ መቁጠር ፊደል አይፈልግም። ቀስ ብዬ ብመታ ካፒቴኑ እንደሚያየኝ፣ ቀጥሎ ምሰሶውን የማቅፈው እኔ እንደምሆን አውቅ ነበር። ስለዚህ ቀስ አላልኩም። በስምንተኛው ላይ አንገቱን አዞረና «ወንድምዓለም፣ ድጋሚ ልሰረው። አሁን ገብቶኛል» አለኝ። ስድስት ቀርተውኝ ነበር። መታኋቸው።

ወደ ባሕር ስንጥለው እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው «ማዕበል» ብሎ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አሻራዬን ሁለቴ ያተምኩት ለዚያ ነው።

በረዶ ቤቱ ውስጥ ያንን የላላ ቋጠሮ ሳየው ፈትቼ ያሰርኩት የጊቾል እጅ መስሎኝ ነው። ሶሪም መጀመሪያ ቀን «ሌላስ» ስትለኝ ያልነገርኳት ይህን ነው። ለእሷም፣ ለዊም፣ ለማንም አልተናገርኩም። ፊደል የተማርኩት ለጉራ ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ። ይህን ለሰው አስጽፌ ልልክልሽ ስለማልችል ነበር። ተምሬም ግን ስድስት ወር ሙሉ ስለ አፍንጫና ስለ ጎመን ነጋዴ ጻፍኩልሽ።

የሚታየኝ ይህ ነው። ሌላ የለም።

ፒዮ ዶልሰ

ኦሳካ፣ 9ኛው ወር፣ 12 ቀን

ለዶልሰ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ባነበብኩበት ቀን መክተፊያውን ግድግዳው ላይ ወርውሬ ሰበርኩት፤ ሳህንም ሰበርኩ፤ ልጆቼ መጥተው ያዙኝ። አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ያንን የፍም መቆንጠጫ አንተ ላይ ነበር የማሳርፈው፤ ጉንጭ ላይ ብቻም አይደለም። ይቅር አልኩህ አልልም። እንድትጠይቀኝም አልፈልግም።

ማክሰኞ በመርከብ እገባለሁ። ወደብ እንዳትመጣ። ሮብ በረዶ ቤቱ እመጣለሁ፤ ከፊት ካሉት ሣጥኖች አንዱን ያዙልኝ፤ መስማት ስለማልችል ከአፍህ አያለሁ። ያቺ ልጅ ጥያቄዋን ትጠይቅ። አንተም ለእኔ የጻፍከውን፣ ታናሹ ኖ ባለበት፣ ሳትቀልድ ትናገራለህ። አሥራ አራቱንም።

ሐሙስ ጧት ወደ ባሕር እንወጣለን። መብራት ቤቱንና ጥዱን አንተ ትገጥማለህ። የሩዙን ሳህን ከገመዱ ጋር የምታስረውም አንተ ነህ። ሥርዓቱን የምትመራው ሴት ቋጠሮውን እኔ ነኝ የምሠራው ብትል እንቢ በላት። ቢጫውን የዝናብ ልብስ ይዤ እመጣለሁ፤ ሲወጣ ይበርደዋል።

ልጥፍ አልያዝኩልህም። ደህና አድርገህ ቋጥር።

ኦክቡን